ውሻው ሲነክስ ባለቤቱ ምን ያድርግ?

በመጠለያ ጣቢያ ውስጥ ውሻ ሰው ነከሰ ሲባል ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው በአንድ መንገድ ነው። የተነከሰው ልጅ ቤተሰቦች ተቆጥተው ወደ ባለውሻው ራኩባ ይመጣሉ። ባለውሻው ወይ «ውሻው የእኔ አይደለም» ብሎ ይክዳል፣ ወይ ሲመሽ ውሻውን ለዘመድ አሳልፎ ወደ ሌላ ዞን ይሸኘዋል፣ ወይም በንዴትና በሐፍረት በዱላ ቀጥቅጦ ይገድለውና «ይኸው፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» ይላል። የተሰበሰበው ጎረቤትም ካሣ እንደተከፈለ ቆጥሮ ይበተናል።

ልጁ ግን ገና አልታከመም። ይባስ ብሎ፣ ሐኪሙ ስለ ልጁ ሕይወት ሊጠይቀው የሚችለው ዋናው ምስክር ተቀብሯል ወይም ጠፍቷል። ምስክሩ ውሻው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ በሚነክስበት ጊዜ ቫይረሱ በምራቁ ውስጥ ካለ፣ እሱ ራሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታሞ ይሞታል። ስለዚህ የነከሰው ውሻ ታስሮ፣ እየበላና እየጠጣ ለ10 ቀን ክትትል ይደረግበታል። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ በዚያ ንክሻ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ለልጁ የተጀመረው ክትባትም በሐኪም ትእዛዝ ሊቋረጥ ይችላል። ውሻው ከታመመ፣ ከሞተ ወይም ከጠፋ ግን ክትባቱ እስከ መጨረሻው መሰጠት አለበት። ልብ በሉ፣ 10ኛውን ቀን እየጠበቁ ሕክምናውን ማዘግየት የለም። ክትባቱ የሚጀመረው በተነከሱበት ዕለት ነው። የውሻው ክትትል የሚጠቅመው የተጀመረውን ለመጨረስ ወይም ለማቆም ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ባለውሻው «አዎ፣ የእኔ ነው፤ ይኸው ታስሯል» ብሎ መናገሩ ከማንኛውም የገንዘብ ካሣ የሚበልጠው። ባለቤቱ የሸሸገው እያንዳንዱ ጤነኛ ውሻ ለሌላ ሰው ሊተርፍ የሚችል ክትባት ያስወጣል። ክትባቱ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ የሚበላሽ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የመድኃኒት አቅርቦት በመላ አገሪቱ ተናግቷል፤ ገዳሪፍም ከካርቱም፣ ከገዚራና ከሲናር የተፈናቀለውን ሕዝብ ከነባሩ ስደተኛ ጋር ተቀብላ ያለውን ስታካፍል ቆይታለች። በዚህ ሁኔታ አንድ ብልቃጥ ክትባት ማባከን ቀላል ነገር አይደለም።

በሽታው እንዴት ያለ ነው?

የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ የቆየ መቅሠፍት ነው። በታሪክ ጸሐፊው በሪቻርድ ፓንክረስት እንደተመዘገበው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1903 በአዲስ አበባ ትልቅ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት በሚሰጠው ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ አብዛኛውም በአፍሪካና በእስያ ነው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ከሚነከሱት 100 ሰዎች 40ዎቹ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ ደግሞ ቁጣ ፈርቶ መነከሱን ይደብቃል። ስለዚህ ልጆቻችሁ በእንስሳ ቢነከሱ ወይም ቢቧጨሩ እንደማትቆጧቸው አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ቫይረሱ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ መስመር ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ፊት፣ አንገት ወይም እጅ ላይ የተነከሰ ሰው መንገዱ አጭር ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ፣ ማለትም የተነከሰው ቦታ መቆጥቆጥ፣ ትኩሳት፣ ውሃና ነፋስ መፍራት፣ መቃዠት ከጀመረ፣ ገዳሪፍም ካርቱምም አዲስ አበባም ብትወስዱት የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚታለለው በመካከሉ ባለው የዝምታ ጊዜ ነው። ቁስሉ ይድናል፣ ልጁ ይጫወታል፣ ቤተሰቡም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለፈለት» ይላል።

ብዙዎቻችን እብድ ውሻ ስንል የሚታየን አፉ አረፋ የደፈቀ፣ ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ የሚሮጥ ውሻ ነው። እንዲህ ያለው አለ። ነገር ግን ዝምተኛውም አለ፤ ጨለማ ቦታ ገብቶ ይተኛል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱም አጥንት አንቆት ይሆናል ብሎ አዝኖ እጁን ወደ አፉ ይከታል። ይህ በጣም አደገኛ ነው። ጤነኛ የሚመስል ውሻም ምልክቱ ሳይታይበት ቫይረሱን በምራቁ ሊያወጣ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣ ጥናት ይህን ካሳዩት ተመራማሪዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር መኮንን ፈቃዱ ነበሩ። ስለዚህ «ውሻዬ ጤነኛ ነው፣ አውቀዋለሁ» የሚለው የባለቤቱ ቃል፣ ከልብ የተነገረ ቢሆንም፣ ለሐኪሙ በቂ አይደለም። በቂ የሚሆነው የታሰረ ውሻና 10 ቀን ነው።

መጀመሪያ ውሃና ሳሙና

ከሁሉ በፊት ቁስሉ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። በመታጠቢያ ገንዳ መንከር ሳይሆን እየፈሰሰበት መታጠብ ነው። በመጠለያ ጣቢያ ውሃ በጀሪካን ተሰልፈን የምናገኘው በመሆኑ 15 ደቂቃ ማፍሰስ ብዙ ይመስላል፤ ሆኖም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጆግ ቀስ እየተባለ ከተቀዳ ይበቃል። የራሳችሁ ካለቀ የጎረቤት ውሃ ለምኑ። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ውሃ የሚከለክል ጎረቤት የለም፤ ባለውሻውም ከሁሉ ቀድሞ የራሱን ጀሪካን ይዞ ቢመጣ ግማሹ ጠብ እዚያው ይበርዳል።

ቁስሉ ላይ በርበሬ፣ ቡና፣ አመድ፣ የባትሪ አሲድ፣ ቤንዚን አታድርጉ። በጨርቅ አታፍኑት። በአገራችን ለዚህ በሽታ እየተባለ እንዶድ፣ ብሳናና ሌሎች ሥራ ሥሮች ተቀምመው ይሰጣሉ። እንዶድ ለልብስ ማጠቢያ የታወቀ ነው፣ ሲጠጣ ግን መርዝነት አለው፤ ቫይረሱንም አያቆምም። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ይጠመቅ፣ ቁርአን የሚያስቀራም ያስቀራ፤ ክትባቱን ግን ዛሬውኑ ይጀምር። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሰዎች ወደ ክሊኒክ እንዳይመጡ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ ፍርሃት ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች እንደሚያስታውሱት በኢትዮጵያ ድሮ ይሰጥ የነበረው ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ክትባት ነበር፤ በየቀኑ ለ14 ቀን በሆድ ቆዳ ሥር ይወጋ ነበር። የዚያ መርፌ ወሬ ዛሬም ድረስ ሰው ያስፈራል። የአሁኑ ክትባት የተለየ ነው። ለአዋቂ ክንድ ላይ፣ ለሕፃን ጭን ላይ ይሰጣል፤ እንደ አሰጣጡ ዓይነት ከ3 እስከ 5 ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም መከተብ ትችላለች። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ደም ከወጣው ኢሚኖግሎቡሊን የሚባል ሌላ መድኃኒት በቁስሉ ዙሪያ ይወጋል፤ ይህ በሁሉም ክሊኒክ ስለማይገኝ ሪፈር ሊጻፍ ይችላል። ሪፈር ተጻፈልን ብላችሁ ቅር አይበላችሁ።

ጎረቤትና ሽምግልና

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን። በአገራችን ግን ለጎረቤት ፊት ለፊት የማይባለውን ነገር በውሻ ስም አድርጎ የመናገር ልማድም አለ፤ ባለቤቱ ውሻውን በጠራ ቁጥር ጎረቤቱ መልእክቱን ይሰማል። በግቢ በግቢ ተለያይቶ ለሚኖር ሰው ይህ ያስቅ ይሆናል። አንዱ ቱኩል ከሌላው ጥቂት እርምጃ በማይርቅበት በኡም ራኩባ፣ በቱናይድባህ ወይም በባብክሪ ለሚኖር ሰው ግን የውሻ ነገር ቶሎ ወደ ሰው ጠብ ይለወጣል።

ንክሻ ሲያጋጥም የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ የሚነጋገሩት በካሣ ላይ ነው። ይህ ክፋት የለውም። ነገር ግን ከካሣው በፊት ሦስት ነገር ተጠይቆ መልስ ቢያገኝ እንመኛለን። ውሻው የት ታስሯል? ማን ያየዋል? ልጁ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ለሚወስደው ክትባት የመሳፈሪያውን ማን ይችላል? ሕክምናው በነፃ ቢሰጥ እንኳ ከካምፕ ወደ ከተማ መኪና በነፃ አይጫንም፤ እናቲቱም የዕለት ሥራዋን ትታ ሌሎቹን ልጆች ለሰው አደራ ሰጥታ ነው የምትሄደው። ባለውሻው ያን ቀን ልጆቿን ቢጠብቅላት፣ የራሽን ተራዋን ቢይዝላት፣ ከገንዘብ የማይተናነስ ካሣ ነው። በእኛ አስተያየት እውነቱን የተናገረ ባለውሻ በሕዝብ ፊት መዋረድ የለበትም። ዛሬ የተናገረውን ካዋረድነው ነገ የሚናገር አይኖርም።

ውሻው የአካባቢው መንደር ከሆነ ደግሞ ወጣቶች ተሰብስበው ወደ መንደሩ አይሂዱ። በዞን ኮሚቴ በኩል ለመንደሩ ሼኽ ይነገር። ስለ ውሻው የሚጠየቀው ነገር ያው ነው፤ ይታሰር፣ አይገደል፣ ለ10 ቀን ይታይ።

ውሻ የሚይዝ ሰው

ውሻ መያዝ ነውር አይደለም። በገዳሪፍ ዙሪያ ባለው ሰፊ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ውሻ የሌለው ጠባቂ ሌሊቱን አይተኛም፤ ፍየል ያለውም ሰው ጅብን የሚያውቀው በውሻው ጩኸት ነው። ብቻዋን ልጆች ይዛ ለምትኖር ሴትም በር ላይ የተኛ ውሻ ትልቅ ነገር ነው። እኛ የምንጠይቀው ውሻው ባለቤት ያለው እንዲሆን ነው። «ዝም ብሎ ተከትሎኝ መጣ፣ ፍርፋሪ እሰጠዋለሁ እንጂ የእኔ አይደለም» የሚባለው ውሻ በካምፕ ውስጥ ብዙ ነው። የምትመግቡት ከሆነ የእናንተ ነው።

ውሻ ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል፣ በየዓመቱም ይደገምለታል። የክትባት ዘመቻ ሲታወጅ ቡችሎችንም ይዛችሁ ውጡ፤ የተሰጣችሁን ካርድ ከራሽን ካርዳችሁ ጋር አስቀምጡ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ውሾችን በጅምላ መግደል ግን በየአገሩ ተሞክሮ አልሠራም፤ የተገደሉትን ቦታ ሌሎች ያልተከተቡ ውሾች መጥተው ይይዙታል፣ የተከተቡትም አብረው ይጠፋሉ። መርዝ መበተን ደግሞ ለልጆችና ለፍየሎች ጦስ ነው።

የሚታሰር ውሻ ጥላና ውሃ ይፈልጋል። በሚያዝያና በግንቦት የገዳሪፍ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ በአጭር ገመድ ፀሐይ ላይ የዋለ ውሻ ማንንም ይነክሳል፤ ጥፋቱም የውሻው አይደለም። በራሽን ዕደላ ቀን፣ ሰው በሚሰለፍበት ሰዓት፣ ልቅሶ በተቀመጠበት ቤት አጠገብ ውሻችሁን እሰሩ። የክሊኒክ ቅጥርም የውሻ ቦታ አይደለም። ልጆቻችሁን የሚበላን፣ የተኛን፣ ቡችላ የምታጠባን ውሻ እንዳይነኩ አስተምሯቸው። የማያውቁት ውሻ ቢመጣባቸው ሳይሮጡና ሳይጮኹ ቀጥ ብለው ይቁሙ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ በግልጽ መነገር ያለበት። ከእኛ መካከል ክርስቲያኑ ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዲገባ አይፈልግም። ሙስሊሙ ጎረቤታችንም፣ የአካባቢው የሱዳን ሕዝብም፣ የውሻ ምራቅ ዕቃውንና የሶላት ልብሱን እንዳይነካበት ይጠነቀቃል። ለጥበቃና ለከብት የሚያዝ ውሻን የሚነቅፍ የለም፤ መንገድ ዳር ለአላፊ አግዳሚ የተቀመጠውን ዚር የሚልስ ውሻ ግን ባለቤቱን ያስወቅሳል። ውሻችሁን ከመስጊድ መንገድ፣ ከውኃ ቦኖና ከዚር አርቁ።

በግ ወይም ፍየል ሲታረድ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካያችሁ ለውሻ አትጣሉ፤ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። በውሻ አንጀት የሚኖር ትንሽ ትል ከዚያ ይራባል፣ ዕንቁላሉም በውሻው ዓይነ ምድር በኩል ወደ ልጆች እጅና ወደ ምግብ ተመልሶ በሰው ጉበት ላይ ተመሳሳይ እብጠት ያበቅላል።

ስለ ካላ-አዛር

ከመተማ እስከ ሁመራ፣ ከዚያም ተሻግሮ በአትባራና በራሃድ ወንዞች ዳር እስከ ገዳሪፍ ድረስ ያለው ጥቁር የሚሰነጠቅ መሬት የካላ-አዛር አገር መሆኑን ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ሁሉ ያውቃል። በሽታው የሚተላለፈው በአሸዋ ዝንብ ነው፤ ዝንቧም በመሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ትውላለች። ውሻ ነክሶ ካላ-አዛር አይሰጥም። ሆኖም በገዳሪፍ ግዛት በባርባር ኤል ፉጋራ መንደር በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ተውሳኩ በውሾች ላይ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ወረርሽኝ በተነሣበት በሊቦ ከምከም አካባቢ የተደረገው ጥናትም ውጭ ማደርንና በግራር ሥር መተኛትን ብቻ ሳይሆን ውሻ መያዝንም ከበሽታው ጋር አያይዞታል። ውሻው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ባለሙያዎች ገና እየተነጋገሩበት ነው። እስከዚያው ውሻው ከልጆች መኝታ ራቅ ብሎ ይደር፣ ልጆችም አጎበር ውስጥ ይተኙ።

ከክረምቱ በፊት

ክረምቱ ሲገባ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር መኪና ይይዛል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ አንዳንዱ ካምፕ ለቀናት መንገዱ ይዘጋበታል። በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ክትባት የሚጠብቀው ሰው ጭንቀት የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ውሾች ከክረምቱ በፊት ቢከተቡ ይመረጣል። በክረምት የተነከሰ ሰው ሲኖርም መንገዱ «ነገ ይከፈት ይሆናል» ተብሎ ሳይጠበቅ በዚያው ዕለት ለማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛው ይነገር፤ ትራክተርም ቢሆን ለመፈለግ ጊዜ ያገኛል። ቀጠሮ ቢያልፍ ደግሞ ክትባቱን ትታችሁ አትቅሩ፤ በተገኘው ቀን ሄዳችሁ ካቋረጣችሁበት ይቀጥላል።

ወደ ገዳሪፍ የምትላኩ ከሆነ አስተርጓሚ ባይኖር እንኳ «ዐዳኒ ከልብ» ካላችሁ «ውሻ ነከሰኝ» ማለት ነው። እብድ ውሻን «ሰዕራን»፣ የእንስሳት ሐኪምን «በይጣሪ» ይሉታል። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የተነከሱበት ቀንና ሰዓት፣ ቁስሉ ያለበት ቦታ፣ ውሻው ታስሮ እንደሆነና ባለቤቱ የሚገኝበት ዞንና ብሎክ ተጽፎ እንደሆነ ሳትነሡ አረጋግጡ። ባለውሻውም በየቀኑ ጠዋት ውሻው መብላቱንና መጠጣቱን አይቶ ለጤና ሠራተኛው ይንገር፤ ከ10ኛው ቀን በፊት ከሞተ በባዶ እጁ ሳይነካው፣ ሳይቀብረውም፣ ቶሎ ይጥራው።